ገዥ ፓርቲ ሲለወጥ ቀበሌው ይለወጣልን?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ብሂል ጅማ ውስጥ ስለ መንግሥት ለውጥ በተወራ ቁጥር እንሰማዋለን። በእኔ እምነት ግን ብሂሉ የግንቦት 1983 ዓ.ም.ን ለውጥ በቅጡ አይገልጸውም። ኢሕአዴግ ደርግን ተክቶ ሥልጣን ሲይዝ የተለወጡት ሹማምንት ብቻ አልነበሩም፤ አሐዳዊው አስተዳደር በፌዴራላዊ ሥርዓት ተተክቷል፣ አፋን ኦሮሞም የጅማ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ከማና ወይም ከቀርሳ የሚመጣ ገበሬ አቤቱታውን ያለ አስተርጓሚ ማሰማት መቻሉን እንደ ቀላል ነገር የሚቆጥር ሰው፣ በአስተርጓሚ ይሟገቱ የነበሩ አባቶችን ይጠይቅ።

ይሁን እንጂ ኢሕአዴግ ከደርግ የወረሳቸውን ሁለት የሥልጣን መሣሪያዎች አልጣላቸውም። አንደኛው መሬት ነው፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የካቲት ላይ የገጠሩን፣ ሐምሌ ላይ የከተማውን መሬት በአዋጅ የወረሰ ሲሆን፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ባለቤትነቱን ለመንግሥትና ለሕዝብ ብቻ ሰጥቶ አጸናው። ሁለተኛው ቀበሌ ነው። በሐምሌው አዋጅ መሠረት የተቋቋመውና ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶችን እንዲያስተዳድር የተደረገው ይህ ተቋም፣ ብዙም ሳይቆይ የደርግ ዓይንና ጆሮ ሆነ፤ ደርግ ሲወድቅም አብሮ አልወደቀም።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ሲሾሙ፣ የተወለዱት አጋሮ አጠገብ በሻሻ ነውና፣ በጅማ የነበረው ተስፋ ከሌላው አካባቢ የላቀ ቢሆን አይገርምም። በ2012 ዓ.ም. የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች፣ ከሕወሓት በቀር፣ ከአጋሮቻቸው ጋር ተዋሕደው ብልጽግናን መሠረቱ። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱም የመሬት ሥሪቱም በነበሩበት ቀጠሉ፤ ስለዚህ ይህን ከ1983ቱ ጋር እኩል ለውጥ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የይዞታ ካርታ ፈልጎ የሚመላለስ ባለጉዳይ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፦ ፋይሉ አልተገኘም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት ነው፣ ነገ ይመለሱ። መሬቱን የሚሰጠውም የሚነሣውም አንድ አካል ሲሆን፣ የዚያ አካል ሹም ደግሞ ወንበሩን የሚያገኘው በፓርቲ አባልነቱ ከሆነ፣ የአባልነት ደብተሩ ቀለም መቀየሩ ለባለጉዳዩ ምን ይፈይድለታል? ድምፃችንን ፈልገው የሚመጡ ተወዳዳሪዎች ስለ መንገድና ስለ ውኃ በሰፊው ይናገራሉ። የመሬት ቢሮ ሠራተኛ ከፓርቲ ምደባ ነፃ በሆነ ውድድር ይቀጠር፣ ማመልከቻ ውድቅ ያደረገ ኃላፊም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ የሚል ግን እስካሁን አልሰማሁም።