ስለ ችግኝ ብቻ ሳይሆን ስለ ወንዙም ይጠየቁ
ለአዲስ አበባ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ዕጩዎች ስለ አካባቢ ጥበቃ የሰጡትን መልስ በጥሞና አነበብሁ፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ችግኝ ተከላን ያስቀደሙ ሲሆን፣ የፋብሪካም የመኖሪያ ቤትም ፍሳሽ ስለሚገባበት የትንሹ አቃቂ ወንዝ ግን ያነሳ የለም። በዚያ ውሃ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከጉሊት ገዝተን የምንበላው እኛው ነን። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ እንኳ፣ ቆሻሻን ከየቤቱ ለይቶ ስለመሰብሰብ የተናገሩት አንድ ዕጩ ብቻ ናቸው (እርሳቸውም ወጪውን አልጠቀሱም)። ችግኝን የሚቃወም የለም፤ ይሁንና ምክር ቤቱ የከተማዋን በጀት የሚያጸድቅ እንደመሆኑ፣ ለፍሳሽ ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚመድቡና ሳያጣራ የሚለቅቅ ፋብሪካን እንዴት እንደሚያስቀጡ ቢጠየቁ ይሻል ነበር።