ሞዴሏን ማን ይያት?

አሁን ደግሞ አዲስ አመል መጥቷል። ለአምስት ቀን የፖርትሬት (የሰው ፊት ሥዕል) ወርክሾፕ ተከፍሎ፣ ሞዴሏ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ የወንበሩ እግሮችና የጫማዋ ዳር ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎባቸው፣ መብራቱ ከአንድ ጎን ተስተካክሎ ሲያበቃ፣ ሠልጣኙ ብድግ ብሎ በስልኩ ቀጭ ያደርጋታል። ከዚያ ስልኩን ሸራው ጥግ ላይ ያቆምና ፎቶውን እያየ መሣል ይጀምራል። ሰውየዋ እኮ ሁለት ሜትር ላይ ናት! 20 ደቂቃ ሳትነቃነቅ ተቀምጣ 5 ደቂቃ ታርፋለች (ቡና ከተፈላ 5ቱ ደቂቃ በረካ ድረስ ይዘልቃል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው)። አንገቷ ደርቆ፣ እግሯ ደንዝዞ፣ ማንም አያያትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ስልኩ ደግሞ እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ፊቷ እንዲሞላለት ቀረብ ብሎ ያነሣታል። ከግማሽ ሜትር ሲነሣ ለሌንሱ የቀረበው አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ካለ ጠይም ፊቷን ከሰል ያደርገዋል፤ ጀርባው ጨለማ ከሆነ ግንባሯ ላይ ዱቄት ይነሰንሳል። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ሆኖ ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ስልክም አንድ ዓይና ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቀለም ከተነሣ ግን የቆየ ቂም አለ። ቱቦው ላይ «የሥጋ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ሮዝ ነገር የማን ሥጋ ነው? ጠይም ፊት ላይ ሲቀባ ሰውየውን የቆዳ ሐኪም ጋ ሄዶ የመጣ ያስመስለዋል። አሁንም በየወርክሾፑ ከአንዱ ቦርሳ ብቅ ይላል። ቀይ ቡኒውን በርንት ሲየናና አፈርማ ቢጫውን የሎ ኦከር ቀላቅሎ፣ ሞቅታው ሲበዛ በሰማያዊው አልትራማሪን ጫፍ ማብረድ ምን ያህል ይከብዳል? ለጥቁሩ ጥላም የቱቦ ጥቁር አያስፈልግም፤ ብቻውን ከገባ ጥቀርሻ ይሆናል። ጥቁር ቡኒው በርንት አምበርና አልትራማሪን ሲገናኙ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ። ፊት ይብራ ተብሎ ነጭ ሲጨመርበት ደግሞ አመዳም ይሆናል። በመስኮት ብርሃን የጠይም ሰው ግንባር ላይ የሚያበራው ቦታ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጥላው ይሞቃል። ይሄን ለማየት ግን ወደ ሞዴሏ መዞር ያስፈልጋል።

መስኮት ስንል፣ «ስቱዲዮ ሰሜናዊ መስኮት ይኑረው» የሚለው ሕግ ከአውሮፓ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ነው። እዚያ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜኑ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለወጥም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን ታልፋለች። ደመና ካላዳነው፣ በሞዴሏ አፍንጫ ሥር የነበረው ጥላ በምሳ ሰዓት ሌላ ሰፈር ነው። ብርሃኑን የሚያለሰልስ ነጭ ስስ መጋረጃ ዋጋው ስንት ነው?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለሠዓሊ የተተረተ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይታወቃል፦ በአኳራጅ የቀጠነ አምበር ይዞ የጭንቅላቱን ስፋት፣ የጥላውንና የብርሃኑን ድንበር መለየት። ዓይን ጨፈን እያደረጉ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እየሄዱ። የተልባ ዘይቱ የሚጨመረው በኋላ ነው። ቅባቱ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ ከሆነ ሥዕሉ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። የእኛ ሰው ግን በመጀመሪያው ሰዓት ሽፋሽፍት ይቆጥራል። ፎቶው ላይ በሁለት ጣት አጉልቶ! ዓይን የሚቀመጠው ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው፤ እሱ ፀጉሩን ከቁጥር ስለማያስገባው ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ይተክለውና አናቱን ይቆርጠዋል። ይህን በሦስተኛው ቀን ይደርስበታል። ያን ጊዜ ዓይኗ አምራለች፤ በፓሌት ቢላ መፋቅ ልጅ የመቅጣት ያህል ያሳሳዋል። የተረቷ ሴትዮ እንኳ የፈሰሰውን ለቅማለች። እሱ በፈሰሰው ላይ ቅንድብ ይጨምራል።

መምህሩ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሲያሳይም ያው ነው፤ ክንዶች ሁሉ ስልክ ይዘው ወደ ላይ፣ ከኋላ የተቀመጠው የሚያየው ብብት ብቻ። «ይህን ጥላ ከምን ቀላቀልኩት?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም። «መምህር፣ ቪዲዮው ላይ አለ» ይላል አንዱ፣ ሳያፍር።

በአምስተኛው ቀን ሸራዎቹ ግድግዳው ሥር ይደረደራሉ፣ ሞዴሏም ተነሥታ ወገቧን እያሸች ትጎበኛቸዋለች። አሥር ሥዕል፣ አሥር ያበጠ አፍንጫ። ትንሽ ትቆምና የራሷን ስልክ አውጥታ፣ ፊቷ ድረስ አስጠግታ፣ እውነት እንደዚህ ይሆን እንዴ ብላ ሰልፊ ታነሣለች።

ስልኩም ይመሰክራል፦ እውነት ነው።