የቤዝ ድምፃችንን ኮምፕሬሰር እየበላው ነው

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቁ የላይቭ ሙዚቃ ቪዲዮዎችን በደህና ኢርፎን አዳምጧቸው። ቤዙ አለ፣ ይሰማል፣ ግን አይመታም። ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው አንድ ልክ ሆኖ ከሥር ይጎርፋል እንጂ ትከሻ የሚያነቃንቀው ያ ምት የለም። ሰው በተጫዋቹ ወይም በስፒከሩ ያሳብባል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ቤዚስቱ እግር ሥር ካለው ትንሽ ሳጥን፣ ከኮምፕሬሰር ፔዳሉ አጠቃቀም ነው ባይ ነኝ።

ፔዳሉን ጠልቼው አይደለም። ቤዝ የሚጫወት ሰው አንድ ፔዳል ብቻ የሚገዛበት ገንዘብ ካለው ኮምፕሬሰር ይግዛ እላለሁ። የምሟገተው ስለ አንዲት ማዞሪያ ነው፤ አታክ ስለምትባለው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። ቤዝ ድምፁ በጣም የሚዋዥቅ መሣሪያ ነው። ወፍራሙን ክር ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ይጮኻል፣ ወደ ቀጭኑ ስትወጡ ይሳሳል፣ ስላፕ ስታደርጉ (ክሩን በአውራ ጣት ስትመቱት) ደግሞ ከሁሉም በላይ ይዘላል። ኮምፕሬሰሩ አንድ ወሰን ይይዛል፣ ትሬሾልድ የሚሉት እሱን ነው። ድምፁ ያንን ሲያልፍ ይጫነዋል። ምን ያህል እንደሚጫነው የሚወስነው ሬሾው ነው። 4 ለ 1 ላይ ካደረጋችሁት፣ ወሰኑን በ8 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለፈው ድምፅ በ2 ዴሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል። ከዚያ የወረደውን በሌቭል ማዞሪያው መልሳችሁ ታነሱታላችሁ። ጠንካራው ዝቅ፣ ደካማው ከፍ ይላል። ሥራው ይኸው ነው።

አታክ ማለት ድምፁ ወሰኑን ካለፈ በኋላ ፔዳሉ በስንት ፍጥነት መጫን እንደሚጀምር ነው። ሪሊዝ ደግሞ በስንት ፍጥነት እንደሚለቀው። ጣታችሁ ከክሩ ላይ ስትነሳ የምትሰማ አንዲት አጭር «ጥ» አለች። ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብትሆን ነው። ከኪክ ድራሙ ጋር የምትገጥመው እሷ ናት፤ ሰው ኖታው የት ጋ እንደጀመረ የሚያውቀውም በእሷ ነው። አታኩን በጣም ፈጣን ስታደርጉት መጀመሪያ የምትጨፈለቀው እሷው ናት። የሚተርፋችሁ ከኋላ የሚመጣው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ከዚያ ቤዙ አልሰማ ሲል ቮልዩም ይጨመራል፣ ጉምጉምታው ይብሳል፣ ዘፋኙ ይጮኻል።

ሌላም ጣጣ አለው። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ የምንለው፣ ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። አንዱ እርግብግቢት ብቻ ወደ 24 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። አታኩም ሪሊዙም ከዚህ በታች ፈጣን ከሆኑ ፔዳሉ የኖታውን ከፍታና ዝቅታ መከተሉን ትቶ እያንዳንዷን እርግብግቢት እያሳደደ መጫንና መልቀቅ ይጀምራል። ያኔ ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ፣ በወፍራሙ ቢ፣ ይበልጥ ይታወቃል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ስፒከሩ ተቀደደ ብሎ ይደነግጣል።

በእኛ ሙዚቃ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ችክችካ በ6/8 የሚሄድ ምት ነው። ቤዙ ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል። ያቺን አጭር ሐረግ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳትሰለች የሚያቆያት ምንድነው? አንዱ ኖታ ጠንክሮ፣ ቀጣዩ ለስልሶ፣ ሦስተኛው ደግሞ ታፍኖ ሊሰማ ሲል መቅረቱ ነው። ከበሮ መቺው ከባዱን ምት በሰፊው ገጽ፣ ቀላሉን በጠባቡ ሲያወጣው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እናንተ ሬሾውን 10 ለ 1 አድርጋችሁ ትሬሾልዱን ዝቅ ስታደርጉት ጠንካራውም ለስላሳውም አንድ ይሆናሉ። ሐረጉ ይቀራል፣ ጭፈራው ይሄዳል። ሰርግ ላይ ሰው መሐል ሜዳ ገብቶ እስክስታው አልወርድ ሲለው ምክንያቱን አያውቀውም፤ ብቻ ይቀመጣል።

ትዝታ ላይ ግን ሌላ ነው። ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ኖታው ረጅም ነው፣ ክሩም ቶሎ ይሞታል። እዚያ ኮምፕሬሰሩ እየደከመ የሚሄደውን ጅራት ደግፎ ያቆየዋል። ሪሊዙን ዘግየት አድርጋችሁ ትንሽ ጠንከር ብትሉበት ቅር አይለኝም። የባህል ባንዶች በሚጫወቱት ኤሌክትሪክ ቤዝ ክራር ላይም ሞክሩት፤ ከክር ክር ያለውን የድምፅ ልዩነት ማስተካከል ዋና ሥራው ስለሆነ የሚስማማው ይመስለኛል።

«ድሮ እነማን ኮምፕሬሰር ነበራቸው? ጣት ይበቃል» የሚሉ አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ማስረጃ አድርገው የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካዊውን ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰንን ነው። እውነት ነው፣ ሰውየው በዲትሮይቱ የሙዚቃ አሳታሚ ሞታውን ያንን ሥራ በአብዛኛው የሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 በተሠራ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ፣ በአንድ ጣት እየመታ ነው። ግን የተቀዳው በቴፕ ነበር። ቴፕ ድምፅ ሲበዛበት ጫፉን በራሱ ይከረክመዋል። እኛም የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ አብዛኞቻችን ያወቅነው በካሴት ነው፤ ያም ቴፕ ነው፣ ያውም ስንት ጊዜ እየተገለበጠ የመጣ። ስለዚህ የምንወደው የድሮ ቤዝ ምንም ያልነካው ጥሬ ድምፅ አልነበረም። በልኩ ተነክቷል። ልኩ ላይ ነው ክርክሬ።

ልኩ ምን ያህል ነው? የእኔን ልንገራችሁ። ሬሾ 3 ወይም 4 ለ 1። አታክ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ። ሪሊዝ ከ100 እስከ 200። ትሬሾልዱን ደግሞ ጠንካራዎቹ ኖታዎች ላይ ብቻ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል እስኪጫን፣ ለስላሳዎቹን እስኪተዋቸው ድረስ። ፔዳላችሁ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ አታኩን ወደ ፈጣኑ ጫፍ ወስዳችሁ አንድ ሐረግ ደጋግማችሁ እየመታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ዘገምተኛው አምጡት። «ጥ» የምትለዋ ብቅ ስትል እዚያ ጋ ተዉት።

ከሁሉ በፊት ግን ሌቭሉን አስተካክሉ። ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ጩኸቱ እኩል መሆን አለበት። ጆሮ ጮክ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ ይቀበላል። ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩት «ዋው» የሚያስብላችሁ ብዙ ጊዜ ቮልዩሙ ነው እንጂ ኮምፕሬሰሩ አይደለም።

ፔዳል ስትመርጡ የሚጫነውን መጠን በመብራት የሚያሳያችሁን አስቀድሙ፣ በተለይ ጀማሪ ከሆናችሁ። መጫን ከማዛባት በተቃራኒ በጆሮ ቶሎ አይያዝም፣ መብራቱ ያስተምራችኋል። ኤምኤክስአር ለቤዝ ብሎ የሠራው ኤም87 ለምሳሌ መብራቱም አለው፣ አታክና ሪሊዝም ለየብቻ አሉት፣ ሬሾውም ከ4 ለ 1 እስከ 20 ለ 1 ይመረጣል። የዚያው ኩባንያ ዳይና ኮምፕ ግን ለጊታር የታሰበ የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ዲዛይን ነው፤ ያሉት ሁለት ማዞሪያዎች ብቻ ናቸው፣ አታኩን የምትነኩበት መንገድ የለም። ከጊታሪስት ጓደኛ ተውሳችሁ ቤዝ ላይ ብትሰኩትና ታችኛው ድምፅ ቢሳሳባችሁ አትገረሙ። ብሌንድ የሚባል ማዞሪያ ያለው ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ያልተነካውን ድምፅ ከተጫነው ጋር ስለሚቀላቅል ጥፋትን ይቀንሳል።

የኤሌክትሪክ ሕምምምታውንም ነገር እወቁት። ፔዳሉ ደካማውን ድምፅ ያነሳል ብያለሁ፤ ሕምምምታንም ያነሳል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲገባ፣ ኧርዙ ደህና ባልሆነ አዳራሽ፣ መጫወት ባቆማችሁ ቁጥር ያ ድምፅ ቀስ እያለ ሲመጣ ትሰሙታላችሁ። አንድ አዳፕተር ለአምስት ፔዳል ከምታካፍሉ ለየብቻ የሚሰጥ ደህና ፓወር ሰፕላይ ይሻላል። በእረፍት ጊዜ ደግሞ አጥፉት።

አሁን ወደ ቪዲዮዎቹ። እዚያ ላይ ቤዙን የሚገድለው ብዙ ጊዜ አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ አይደለም። ቤዚስቱ በፔዳል ይጫናል። ሳውንድ ማኑ ይህን ሳያውቅ ሚክሰሩ ላይ ይደግመዋል፤ እንደ ቤሪንገር ኤክስ32 ያለ ዲጂታል ሚክሰር እያንዳንዱ የግብዓት ቻናል ላይ ኮምፕሬሰር ስላለው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ከዚያ ለላይቭ ስርጭቱ የሁሉም ድምፅ መውጫ በሆነው ማስተሩ ላይ ሊሚተር፣ ድምፅ ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳያልፍ የሚያግድ ማለት ነው፣ ይጨመራል። ሦስት ጊዜ ማለት ነው፣ ማንም ማንን ሳይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያገለግሉ ባንዶች፣ በየሳምንቱ ቀጥታ የሚያስተላልፉት፣ ይህ በደንብ ይመለከታቸዋል። ሳውንድ ቼክ ላይ ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ ሳውንድ ማኑን አናግሩት። ፔዳል እንደምትጠቀሙ ንገሩት፣ እሱ ጋ ያለው በርቶ እንደሆነ ጠይቁት፣ ከበራም አታኩ ስንት ላይ እንደሆነ እዩ። ሁለተኛ ዲአይ ሳጥን (የቤዙን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የሚያደርሰው) ካለ ከፔዳሉ በፊት ያለውን ንጹሕ ድምፅ ለሚክሰሩ ስጡት፣ የተጫነውን ለራሳችሁ አምፕ አስቀሩት። ይህ ካልተቻለ ከሁለት አንዳችሁ አጥፉ። የማስተሩን ሊሚተር ለሚይዘው ሰው ደግሞ ቤዙ ሲገባ መብራቱ በየኖታው የሚቀላ ከሆነ የሚቀንሰው ሌቭሉን መሆን እንዳለበት ከወዲሁ ንገሩት።