ኤች-ኢንዴክስዎ ይለምልም!

እሰይ ፕሮፌሰር! ዛሬም ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) ወጣልዎ። ባለፈው ሳምንትም ወጥቶልዎ ነበር፣ በሚቀጥለውም መውጣቱ አይቀርም። ተመራማሪ ማለት እንዲህ ነው። መድረክ ላይ ሲያስተዋውቁዎት ምን እንዳገኙ የሚያነሳ የለም፣ ለምን ብሎ? የጽሑፎችዎ ብዛት ይነበባል፣ ኤች-ኢንዴክስዎ ይጠራል፣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። «ታዲያ ያ የሚያጠኑት በሽታ ምን ደረሰ?» የሚል ነገረኛ መቼም አይጠፋም። እሱን ይተዉት።

ተመራማሪን በጽሑፎቹ ብዛትና በመጠቀሳቸው የሚመዝነውን ኤች-ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሰው ነው። እያንዳንዳቸው በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች ካሉዎት ኤች-ኢንዴክስዎ 40 ነው፣ አለቀ። ሌሊቱን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ያደሩትም ሆኑ ስማቸው ከ30 ደራሲ መሃል 17ኛ ላይ የተሰካው እኩል ይቆጠርላቸዋል። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይምጣ!

የእርስዎ ጥበብ ግን ይለያል። የአንድ ጥናት ዳታ እጅዎ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ጠንከር ያለ ጽሑፍ አውጥቶ በተገላገለ ነበር። እርስዎ ግን የወንዶቹን ለብቻ፣ የሴቶቹን ለብቻ፣ ደም ግፊት ያለባቸውን ለብቻ፣ ስኳር ያለባቸውን ለብቻ አድርገው አራት አወጡ፣ ከዚያ አራቱን የሚያጠቃልል አምስተኛ ጨመሩበት። አምስተኛው አራቱንም ይጠቅሳል። ሰው ራሱን ካልጠቀሰ ማን ይጠቅሰዋል?

ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት አስቀምጧል። በጥናቱ ሐሳብ ወይም በዳታው ሥራ ላይ በደንብ መሳተፍ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን አይቶ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። እርስዎ ደግሞ በአንድ ጨርሰውታል፦ የላቦራቶሪው አለቃ መሆን። ሽልማት ሲመጣ «ጥናቴ» ነው፣ ግራፉ ላይ ነገር ሲገኝ «እሱን እንኳ ተማሪው ነው የሠራው»።

ይሄ ጥበብ ያልገባቸው አሉ እንጂ። ባዮኬሚስቷን ካታሊን ካሪኮን ይመልከቱ። አርኤንኤ አርኤንኤ (ሴል ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ የሚያደርሰው ሞለኪውል) እያለች ስትባዝን፣ የምርምር ገንዘብም አልመጣ ሲላት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲዋ ከደረጃዋ ዝቅ አደረጋት። ያው ኤች-ኢንዴክስ በተወለደበት በ2005 ከባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር በዚያው አርኤንኤ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣች፣ ብዙም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በኋላ የኮቪድ ክትባት በዚያ ላይ ተሠራ፣ በ2023 ኖቤል ሸለሟቸው። 18 ዓመት መጠበቅ! እርስዎ በዚህ ጊዜ ስንት ፔፐር በወጣልዎ።

እርግጥ በዚያው በ2023 በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ከጆርናሎች ተሰርዘዋል፣ ብዙዎቹም የሐሰት ጥናት እያመረተ የሚሸጥ «የፔፐር ፋብሪካ» ሥራ ናቸው ተብሎ። አይደንግጡ ግን። የተሰረዘ ጽሑፍ መጠቀሱን አያቆምም፣ የሚጠቅሰው ሰው መሰረዙን መች አይቶ? አንብቦት ቢሆን አይደል?

በሉ ፕሮፌሰር፣ ቀጣዩ ላይ ቦታ ካለ እኔንም አይርሱኝ። መሃልም ቢሆን ግድ የለም። ሳላነብ እንደማጸድቅ ቃሌ ነው።