ይድረስ ለ«አንድ ሰው»

ለክቡር አንድ ሰው፣
ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልዎ። የምሬን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለገሃር ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ አርባ አምስት ደቂቃ መንገድ መንገዱን ሳይ የነበረው እርስዎን ብዬ ነው።

አንቱ የምልዎት ዕድሜዎን ስለማላውቅ ነው። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ እሱንም አላውቅም። የማውቀው ወያላው የሚለውን ብቻ ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቃሊቲ ቃሊቲ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። እኔ ስገባ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ከእኔ በኋላ አምስት ሰው ገባ። አሁንም የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ወንበሩ ለ12 ሰው ነው፤ 12ቱም ሞላ። «እዛ ጋ አራት ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ተባለ። ተጠጋን። አጠገቤ ያሉት እናት ዘንቢላቸውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። እርስዎ አሁንም አልመጡም።

የት ነህ አንተ ሰውዬ? ይቅርታ፣ የት ነዎት ለማለት ነው።

ቢሾፍቱ ልሄድ ነበር። ቁርሴን ሐይቅ ዳር እበላለሁ ብዬ ከቤት ባዶ ሆዴን ወጣሁ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምን አላት? ለሰው ስነግር «ደርሶ መልስ» ነበር ያልኩት። ደርሶ መልስ የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው የራሱ መኪና ነበረው።

በመስኮቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ይታየኛል። ጣሊያን ከቦታው ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይኸው እዚያው ቆሟል። አንበሳው ሮም ደርሶ መጥቷል። እኔ ገና ሳሪስ አልደረስኩም። ከኋላው አሮጌው ባቡር ጣቢያ አለ። ባቡሩ 1909 ዓ.ም. ነው አዲስ አበባ የገባው፤ መስመሩም ያው በቢሾፍቱ በኩል ነበር። ባቡር ይጮሃል፣ ይሄዳል። «አንድ ሰው!» ብሎ የሚጮህ ባቡር አልተሰማም። (ይዘገይ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። ይሁን፣ ግን በእርስዎ አላሳበበም።) አዲሱ ባቡር ደግሞ መነሻው ለቡ ነው። ለቡ ለመድረስ ታክሲ ያስፈልጋል። ታክሲው ደግሞ እርስዎን ይጠብቃል።

በመጨረሻ ተነሳን። እርስዎ ስለመጡ አይደለም። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ጡሩንባውን ስላቀለጠው ነው።

ቃሊቲ ላይ «ደብረዘይት ደብረዘይት! ሞላ! አንድ ሰው!» ይባላል። ከተማዋ ወደ ቢሾፍቱ ስሟ ከተመለሰች ስንት ዘመኗ ነው፣ ረዳቶቹ ግን ገና አልሰሙም። ዘልዬ ገባሁ። ውስጥ አራት ሰው አለ። ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ዳቦ በፌስታል የያዘ ጎልማሳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥሩ ሰው ነው። ስለ ኑሮ ውድነት ተጫወትን። «ደብረዘይት ነህ?» አልኩት። «እህቴ ጋ ነው፣ ወልዳ» አለኝ። እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩ። ከዚያ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። ጎልማሳው ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ሌላ ሰው መጣ፤ ከፊት የተቀመጠውም ወጣት ወረደ። ለካ አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ተሳፋሪው እኔ ብቻ ነኝ! ሌሎቹ ቦታ ማሙቂያ ናቸው። አንድ ሰዓት ቆይተን ስንነሳ ዞር ብዬ አየሁ። ቡናማው ጃኬት ቀጣዩ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጧል። ዳቦው ጉልበቱ ላይ ነው። እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት፤ ምን አደርጋለሁ?

ለአፍታ እርስዎን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ቢሾፍቱ የደረስኩት ለአምስት ሰዓት ጥቂት ሲቀር ነው። ቁርሱ ቀርቶ ምሳ ሆነ። እርስዎ እዚያ ደርሰው እንደማያውቁ እገምታለሁ፣ ስለዚህ ልንገርዎት። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ማለት ነው፤ ከተማዋም ያለችው በሐይቆች መሃል ነው። ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ የሚከበርበት ነው። ባቦጋያ አለ። ኩሪፍቱ አለ፣ እሱ እንኳ ሰው ሠራሽ ነው። የከተማዋን ስም የያዘው የቢሾፍቱ ሐይቅ ግን ጥልቀቱ 87 ሜትር ይደርሳል። ከላይ ከአፋፉ ቆመው ሲያዩት ጸጥ ብሎ እንደ ድስት ውስጥ ተቀምጧል። ያ ጉድጓድ የተከፈተው ከመሬት በታች የቀለጠ ዓለትና ውሃ ተገናኝተው ፈንድተው ነው። ልብ ይበሉ፤ ዓለትና ውሃ እንኳን ከመሬት በታች ተገናኝተዋል። እርስዎና እኔ በአደባባይ አልተገናኘንም።

ጃንሆይም እዚያ ከተማ ቤት ነበራቸው፣ ፌርፊልድ የሚባል። ስሙን ያወጡለት በስደት በኖሩባት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በነበራቸው ቤት ነው። ስደቱ አምስት ዓመት ነው የፈጀው። እሳቸውም ጠብቀው ጠብቀው አገራቸው ገቡ፣ የጠበቁት ነገር ግን በውን ያለ ነገር ነበር።

ሐይቁን ለማየት ታዲያ አንድ ነገር ማዘዝ ግድ ነው። ዳር ዳሩን ሆቴልና ሎጅ ይዞታል። ቡና አዘዝኩ፣ ሐይቁን በቡና ዋጋ አየሁት። ቡናው ከሐይቁ ይጠልቃል፤ ዋጋውን ማለቴ ነው። የቆሮሶ አሳ ጥብስም በላሁ። አጥንቱን ስለቅም ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ሆኗል። ለመመለሻው እርስዎን የምጠብቅበትን ሰዓት ቀነስኩና ሒሳብ ጠየቅሁ። ስድስት ሰዓት ያህል ሐይቅ ዳር ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ፣ ሁለቱን እርስዎ በሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልነግርዎት የፈለግኩት።

መናኸሪያው ጋ ስደርስ አንድ ሚኒባስ ሞተሩ ተነስቷል፣ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ረዳቱ በሩን እንደያዘ «አንድ ሰው! ቃሊቲ አንድ ሰው!» ይላል። ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ሊወልቅ ትንሽ ቀረው። ገባሁ። እውነትም አንድ ቦታ ብቻ ነበር! በሕይወቴ እውነት ሆኖ ያየሁት ያኔ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላ የለበሱ አዛውንት እናት ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና፣

«የት ቆይተህ ነው የኔ ልጅ? አንተን ስንጠብቅ መሸ እኮ» አሉኝ።

«ይቅርታ እናቴ» አልኩ። ምን እላለሁ? አሳ እየበላሁ ነበር ልበል? የኋላው ወንበር ላይ ያለው ልጅ «እንዲህ ተለምነህ መጣህ» አለ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ክቡርነትዎ፣ ያኔ ትንሽ አዘንኩልዎ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያይዎት ለካ።

ረዳቱ በሩን ሳበው። አሁንስ ተዘጋ ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። ግማሽ ላይ አቆመው። አንገቱን አወጣና፣

«ቃሊቲ! አንድ ሰው!»

የእርስዎው ናፋቂ፣
ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ የማይከፈተው ጋ