ማስተካከያ፦ 20 ሳይሆን 1,024 ነው

ስለ ባሕር ዳር ሆቴሎች ሶፍትዌር በወጣው ያለፈው ጽሑፍ «10 አማራጭ ገጽታዎች ካሉ 20 ዓይነት ሶፍትዌር ይወጣል» ተብሏል። ሒሳቡ እንደዚያ አይሄድም። እያንዳንዱ ገጽታ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ሊኖረው የሚችል አንድ ችሎታ ወይም አገልግሎት፣ ወይ ይገባል ወይ ይቀራል። ስለዚህ ሁለትን 10 ጊዜ ደርድሮ እርስ በርስ ማባዛት ነው፤ 1,024 ይመጣል።

ይህም ገጽታዎቹ እርስ በርስ ካልተሳሰሩ ነው። ጣና ዳር ያለ ሆቴል ወደ ዘጌ የጀልባ ጉዞ በሶፍትዌሩ የሚሸጥ ከሆነ፣ የተሳፋሪ መመዝገቢያም የግድ ይኑረው እንበል። ይቺ አንዲት ደንብ ብቻዋን 256ቱን ትጥላለች፤ 768 ይቀራሉ። የገጽታ ሞዴል፣ ማለትም ገጽታዎቹንና የሚያስተሳስሯቸውን ደንቦች የሚያሳይ ሥዕል፣ የሚሳለው ለጌጥ አይደለም፤ የማያስኬደው ጥምረት ኮድ ሳይጻፍ እንዲወድቅ ነው።

ደግሞ በዚያው ጽሑፍ ሞዴል ላይ የክፍያ መንገዶቹ ቴሌብርና ሲቢኢ ብር «አንዱን ብቻ» በሚለው ሥር ተቀምጠዋል። ሁለቱንም መቀበል የሚፈልግ ሆቴል ምን ሊሆን ነው? «ቢያንስ አንዱን» ተብሎ ይነበብ። «አንዱን ብቻ» የሚያምርበት ደረሰኙ ላይ ለሚወጣው ቀን ነው፦ ወይ የኛ አቆጣጠር፣ ወይ የፈረንጅ።

የገጽታ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1990 ፎዳ በተባለው ዘዴ፣ ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋም መውጣቱ ግን እንደተጻፈው ነው።