በሐምሌ ዝም ብላችሁ በሚያዝያ አትጩሁ

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ አሰልጣኙንና ዳኛውን ለዛሬ ተዉልንና እናንተን እንውቀስ። ቅር የሚለው ይበለው።

ቡድናችሁ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው ከፍተኛ ሊግ መንገዳገዱን የምትሰሙት በሚያዝያ ነው። የደረጃ ሰንጠረዡ በቴሌግራም ይመጣል፤ ከታች ሦስተኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ አሰልጣኙን ታባርራላችሁ፤ በረኛውን «ተገዝቶ ነው» ትላላችሁ። ነገሩ የተበላሸው ግን ሐምሌ ላይ ነበር፤ ጉም የጦሳን ተራራ ሸፍኖት፣ ሁላችሁም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ደብተር ስታስቡ።

በሐምሌ ምን ይሆናል? የክለቦቻችን ገንዘብ በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደር ካዝና ነው የሚወጣው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የብዙ ተጫዋች ውልም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ገንዘቡ በእጁ ያለ ክለብ ያኔውኑ ተከላካዩንም ጎል አግቢውንም ያስፈርማል። የእናንተ ክለብ ደብዳቤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ነሐሴ ያልቃል፣ እንቁጣጣሽም ያልፋል። ገንዘቡ ሲለቀቅ ገበያው ላይ የቀረው ሌላው ያልፈለገው ነው፤ ወይ ከጉዳት ያላገገመ፣ ወይ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ የከረመ። እሱም መቸኮላችሁን ያውቃልና ዋጋውን ይሰቅላል።

ከዚያ ዝግጅቱ ያጥራል። አንድ ቡድን ለውድድር እንዲደርስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስምንት ቢያገኝ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለትንፋሽ ናቸው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ለጉልበትና ለፍጥነት፤ የቀረው ለአጨዋወትና ለወዳጅነት ጨዋታ። አራት አምስት የወዳጅነት ጨዋታ አብሮ ያልተጫወተ የተከላካይ መስመር እርስ በርሱ አይተዋወቅም፤ ሦስቱ አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ለማድረግ ወደ ፊት ሲወጡ አራተኛው ኋላ ይቀርና ጎሉ ይገባል። ስድስቱ ሳምንት ሦስት ሲሆን አሰልጣኙ ሩጫውንና አጨዋወቱን አንድ ላይ ይጭናል። ጡንቻ እንዲህ ያለ ጥድፊያ አይችልም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ጨዋታ ላይ የመስመር ተጫዋቹ በሙሉ ፍጥነት ሲነሳ ድንገት የኋላ ታፋውን ይዞ ይቆማል። ወጌሻው በረዶ ይዞ ይሮጣል። ሦስት አራት ሳምንት መቀመጥ ሲገባው ሰው ስለሌለ በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል፤ ድጋሚ ይይዘዋል፤ አሁን ጉዳዩ የወራት ነው። እናንተ «ሳንባ የለውም» ትላላችሁ። ልጁ ያጠረው መስከረም ነው።

ደሴ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ ፈራሚ ሆጤ ሜዳ ላይ ትንፋሹ እስኪስተካከል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ዘግይቶ የፈረመ ሰው እነዚያን ሳምንታት ከየት ያመጣቸዋል?

አሁን ቁጥሩን አስሉት። ምድቡ 12 ቡድን ካለው 22 ጨዋታ ነው፤ 66 ነጥብ። ግማሹን አሸንፎ ግማሹን አቻ የወጣ ቡድን 44 ይዞ ይጨርሳል፤ በጨዋታ ሁለት ነጥብ መሆኑ ነው፣ ከላይ ካሉት ጋር ለመተናነቅ የሚያበቃ። ሳይዘጋጅ የገባው ቡድን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ሦስት ነጥብ ብቻ ቢያገኝ፣ 44 ለመድረስ ከቀሩት 17 ጨዋታዎች 41 ይፈልጋል። አንድም ሳይሸነፍ 12 ማሸነፍና 5 አቻ መውጣት አለበት፤ ሁለት ከተሸነፈ ደግሞ 13 ማሸነፍ። «አብሽር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እንነሳለን» የምትሉት ይህን ነው።

ያን ጊዜ እናንተ የምታውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ «አሰልጣኙ ይነሳልን»። እሺ ተነሳ። አዲሱ ምን ያገኛል? ቴሴራ፣ ማለትም የመጫወቻ መታወቂያ፣ የወጣላቸውን እነዚያኑ ልጆች። የዝውውር መስኮቱ በዙሮቹ መሃል እስኪከፈት ሌላ ማስፈረም አይችልም። የቀድሞው በአራት ተከላካይ ያሰለጠናቸውን እሱ በሦስት ይሞክራቸዋል፤ እስኪገባቸው ሌላ ሦስት አራት ጨዋታ ይሄዳል። የተባረረው ደግሞ ውል አለው፤ የቀሪ ወራት ደመወዙን ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ይፈረድለታል። ያ ገንዘብ ከየት ይወጣል? ከተጫዋቾቹ ደመወዝ። የአንድ ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ልጅ ልምምድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ቤተሰብ የሚረዳው ደግሞ ሐሳቡ ስልኩ ላይ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ የተያዘበት ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠው በኋላ ካልተከፈለው ውሉን ማፍረስ እንደሚችል ይደነግጋል። ያባረራችሁት አሰልጣኝ እንዲህ እያለ አጥቂያችሁንም ይዞት ይሄዳል።

ድንጋይና ሃይላንድ ስለምትወረውሩት ብዙ አንናገርም። ቅጣቱ የሚከፈለው ከዚያችው ካዝና ነው፤ ይኼን የማይረዳ ሰው ሜዳ ባይመጣ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በቅርብ ዓመታት ውድድሩ ቡድኖችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ሲካሄድ ቆይቷል። ቡድኑ ተጭኖ ይሄድና እዚያው ይከርማል። 20 ተጫዋችና 6 ሰው ከአሰልጣኝ እስከ ወጌሻና ትጥቅ ያዥ ብትሉ 26 ሰው ነው። ለ30 ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ 2,340 ሰሃን ምግብ ይበላል። አልጋው፣ የታሸገ ውሃው፣ የማሊያ አጠባው፣ የልምምድ ሜዳ ኪራዩ፣ የመኪናው ነዳጅ ይጨመርበት። ይህ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀነሰው ሥጋውና እንቁላሉ ነው፤ ቀጥሎ አራት ሰው አንድ ክፍል ይተኛል። ሞቃት ከተማ ላይ ተጫዋች እንዲህ ከርሞ ዘጠና ደቂቃ ይጫወታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

ወሎ ውስጥ ገንዘብ አዋጥቶ ነገር ማቆም የማያውቅ ሰው የለም። ቅሬያችሁን፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን፣ እዩ። ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል። ደጋፊ ማኅበር ሲባል ግን ከበሮና ማሊያ ብቻ ይመስላችኋል። እንደ ቅሬ አድርጉት። 2,000 ሰው በወር 50 ብር ቢያዋጣ 100,000 ብር ነው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ በአሥር ወር አንድ ሚሊዮን። ይህ ገንዘብ ክለብ አያስተዳድርም፤ እንዲያስተዳድርም አትሞክሩ። ሥራው የሐምሌንና የነሐሴን ክፍተት መሸፈን ነው፤ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር ድረስ ለሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫዋቾች የፊርማ ቅድመ ክፍያ፣ ለካምፑም ቀለብ ይሆናል። በጀቱ ሲለቀቅ ክለቡ እንዲመልሰው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የተመለሰው ለሚቀጥለው ሐምሌ ይቀመጣል።

የሚበላሸውም ከወዲሁ ይታወቅ። መዋጮ በመስከረም ይሞቃል፣ ሁለት ሽንፈት ሲመጣ ይበርዳል፤ ጥር ላይ ሰብሳቢው ስልክ ቢደውል የሚያነሳለት የለም። ስለዚህ በየሰፈሩ፣ በሙጋድም በሸዋ በርም በቧንቧ ውሃም፣ የሚታወቅ ሰው በእግሩ ይሰብስብ፤ ደረሰኝ ይስጥ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩት ደግሞ ከደመወዛችሁ እንዲቆረጥ በጽሑፍ መፍቀድ ትችላላችሁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንዲህ ያለ ቅነሳን አይፈቅድም። ሂሳቡ የራሱ የባንክ ደብተር ይኑረው፤ ገንዘብ በሦስት ፊርማ ይውጣ፤ ለክለቡ ጽሕፈት ቤት በጥሬው አይሰጥ፣ ለሆቴሉና ለመኪና አከራዩ በቀጥታ ይከፈል። በወሩ መጨረሻ እንደ ቅሬው ሂሳብ ለአባላት ጮክ ተብሎ ይነበብ።

«ስታዲየም ይሠራልን እንጂ ይህ ምን ያደርጋል» የምትሉ አላችሁ። ከእናንተ በስተሰሜን ወልድያን እዩ። በጥር 2009 ዓ.ም. የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲን ስታዲየም ተመረቀላት፤ ቡድኗም ያኔ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ወረደ። ያን የመሰለ ወንበርና ጣራ ነጥብ ሊያመጣለት አልቻለም።

ያላችሁን ሜዳ እንኳ አልጠበቃችሁትም። ወሎ የበልግ አገር ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው ዝናብ የሚመጣው ውድድሩ በሚግልበት ሰዓት ነው። በዚያ ጭቃ ላይ የሰፈር ቡድን ጠዋት፣ የትምህርት ቤት ቡድን ከሰዓት፣ ዋናው ቡድን ማታ፣ ሁሉም በዚያው ጎል ላይ ይለማመዳል። በረኛው የሚቆምበት ቦታ በሁለት ሳምንት ይመለጣል፤ ሣሩ ከነሥሩ ይወጣል፣ ጎድጎድ ይላል፣ ውሃ ይቋጥራል። እዚያ ላይ የነጠረች ኳስ በረኛው ከጠበቃት ቦታ ሌላ ትሄዳለች። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለልምምድ ተንቀሳቃሽ የብረት ጎል አሠሩና በየሳምንቱ ቦታ ቀያይሩት፤ ዝናብ የጣለ ቀን ማንም አይርገጠው፤ የተመለጠውን በሹካ ውጉት፣ አሸዋና ፍግ ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ ሣሩ እስኪይዝ በገመድ ከልሉት። አቋራጭ መንገድ ያደረጋችሁትም በዳር ዙሩ፤ ሦስት ደቂቃ ቢጨምርባችሁ ነው።

ሐምሌ ሲገባ የቀበሌያችሁን የምክር ቤት ተወካይ ፈልጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። የስንት ተጫዋች ውል አለቀ? የክለቡ በጀት የሚለቀቀው በስንት ቀን ነው? ካምፕ የሚገባው መቼ ነው? «በሂደት ላይ ነው» ካላችሁ ቀን አስቆርጡት። ቀኑ ደርሶ ዳግመኛ «በሂደት ላይ ነው» ካለ፣ በማግስቱ አሥር አሥራ አምስት ሆናችሁ ሂዱበት፤ የቅሬው ድንኳን የጠፋ ጊዜ እንደምትሄዱት።